ራስዎ አብስለው

ቁልፉን ከሻሿ ጫፍ ፈታ ሰጠችን አንሻ፣
የስምንት ቀን ኪራይ ተቀብላ እስከ መጨረሻ።
"ይኸውላችሁ ምድጃ፣ ይኸው ሁለት ድስት፣
ይኸው የጋዝ ሲሊንደር፣ ይኸው ሹካ፣ ስድስት።
ሽንኩርት ከፈለጋችሁ፣ ጉልቱ እዚያ ማዶ፣
ዓሣ እንድሪስ ያመጣል ሐሙስ ሐሙስ ማልዶ።"

ግድግዳው ላይ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ፣
ጥጉን ዘይት ነክቶት፣ ፊደሉ የገዘፈ፦
"ውድ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጡ፤
ራስዎ አብስለው፣ በልተው፣ አጥበው ይውጡ።"

አበጋዝ ጮክ ብሎ አነበበና ደስ አለው፤
"እንዴት ያለ ነፃነት! አስተናጋጅ የለው፣
ሂሳብ የለው፣ ጉርሻ የለው፣ ጠባቂ የለው!"

እኔን ግን አንዲት ቃል ጉሮሮዬን ያዘች፤
"ራስዎ" ትላለች። ማንን ይሆን ያዘዘች?
የእሱን ራስ እንደሆን፣ ኮፍያውን አጥልቋል፣
በረንዳው ወንበር ላይ ተንጋሎ ወድቋል።
የኔን ራስ እንደሆን፣ ሻሽ አስሮ ጠብቋል።

ከኮምቦልቻ ስንወጣ "ዕረፍት ነው" ተብዬ፣
መክተፊያዬን ደብቄ፣ ቢላዬን ጠቅልዬ፣
ድስቶቼን ለጎረቤት "ያዥልኝ" ብዬ፤
በሚኒባስ ጦሳን ስንዞር፣ ጉም ደሴን ሲሸፍናት፣
"ሆቴል ምን ያደርጋል፣" አለኝ፣ "ቤት ነው እንጂ ዕረፍት!"
አንድ ልብ ወለድ ነበር በሻንጣዬ የያዝኩት።
ገጽ ሦስት ላይ ነው እስካሁን፤
የሽንኩርት ልጣጭ ነው ምልክቱ።

እሑድ ምስር። ሰኞ ሽሮ። ማክሰኞ ጋዙ አለቀ፤
ከሰል ሳራግብ፣ ሐይቁ በሩቁ አንጸባረቀ።
ከመስኮቱ ፍርግርግ፣ ከማጠቢያው ገንዳ ላይ፣
ስንዝር በስንዝር ነው ውኃውን እኔ የማይ፤
ጠዋት አረንጓዴ፣ ቀትር ላይ እንደ ብረት፣
ሳህን አጥቤ ቀና ስል፣ የጎመን ውኃ ዓይነት።

ረቡዕ፣ አበጋዝ ጋቢውን ደርቦ ገዳም ሊሳለም ወጣ፤
እኔም ልከተል ብዬ ነጠላዬን ሳወጣ፣
"ሴት አይገባም፣" አለኝ በሐዘኔታ፣ በትሕትና፤
"ታውቂው የለም እንዴ? የጥንት ደንብ ነውና።"
አውቃለሁ። ከሩቁ ተሳለምኩ፣ ተመለስኩ።
የገዳሙስ ይሁን፤ ደንቡን የጻፉት አባት አሉ፤
ማጀቱን ግን ለወንድ ማን ከለከለው? የት አለ ቃሉ?

ሐሙስ እንድሪስ መጣ፣ ቆሮሶ በሽቦ ሰክቶ፤
"ማነው የሚያበስለው?" አለኝ፣ ደጅ ላይ ዓሣውን ዘርግቶ።
ጣቴን ቀሰርኩ ዝም ብዬ፣ በረንዳው ላይ ወዳለው ኮፍያ፤
(ጣቴ ራሷን ችላ ነው፤ ልቤስ አልነበረም እዚያ።)
እንድሪስ ሳቀ። አበጋዝ ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ።
ሐይቁ ዳር ቁጭ አርጎ፣ ሹካ አስይዞ፣ ቅርፊት አስፋቀው
ከጭራ ወደ ራስ፣ እየሳቀ።

"ጨው የት ነው?" "ዓይንህ ሥር።" "ዘይቱስ?" "ፊት ለፊትህ።"
"ይህ ምንድን ነው?" "እርድ።" "ይህስ?" "እሱ እጅህ።"
ጣቱ ተቃጠለ፤ ዓሣው ድስቱን ይዞ ቀረ፤
ግማሹ ጥሬ ነበር፣ ግማሹ ያረረ።

እኔ?
እግሬን ሐይቁ ውስጥ ነከርኩ፣ እስከ ባቴ።
ልስልስ ጭቃ ሾለከ፣ እንደ ሊጥ፣ በጣቴ።
(ይኸው! እዚህም ሊጥ! ተከተለኝ ከቤቴ?)
"ደረሰ! ነይ ብይ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤
ቶሎ አልሄድኩም። ውኃው ባቴን ሲልሰው ቆየሁ።
ጨው በዝቶበታል። አጥንቱን ለቅሜ፣ ሁሉንም በላሁ።

ዓርብ ኮፍያው ተመለሰ። ቅዳሜ ሽሮ ሠራሁ፤
መጽሐፉን ግን ገፋሁት፣ ገጽ አሥራ አንድ ገባሁ።

እሑድ አንሻ መጣች፤ ድስት ቆጠረች፣ ሹካ ቆጠረች፤
"አምስት ነው። ስድስተኛውስ?" ብላ ጠየቀች።
አፌን ልከፍት ስል፣ አበጋዝ ደረቱን ነፋ ቀድሞ፣
ፋሻ የጠመጠመ ጣቱን ከፍ አድርጎ ደግሞ፣
ሜዳሊያ እንደሚቀበል፣
"ራሴ ነኝ ሐይቅ የከተትኩት፣" አላት፣ "ዓሣ ሳበስል።"